ጃኩዚ ከመግዛታችሁ በፊት፦ በውሃ የሚገፋው ወይስ በአየር አረፋ የሚሠራው?

ዛሬ ቤታቸው ፊኒሺንግ ላይ ለደረሰና ባኞ ቤታቸውን ለማደስ ላሰቡ የሚጠቅም ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ሳኒተሪ ሱቅ ስትገቡ ሁሉም ነገር «ጃኩዚ» ይባላል፤ ዋጋው ግን ይለያያል፣ አሠራሩም ይለያያል። ልዩነቱን ሳያውቁ በቀለሙና በመብራቱ ተማርኮ የገዛ ሰው፣ ብዙም ሳይቆይ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣበትን ገንዳ ውሃ ሲጠፋ ማጠራቀሚያ ያደርገዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የጤናና የኤሌክትሪክ አደጋው ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ስሙ ከየት መጣ?

ጃኩዚ የቤተሰብ ስም ነው። ከጣሊያን ወደ አሜሪካ ካሊፎርኒያ የሄዱ ወንድማማቾች የውሃ ፓምፕ ይሠሩ ነበር። ከመካከላቸው ካንዲዶ ጃኩዚ የሚባለው ትንሽ ልጁ በመገጣጠሚያ ሕመም (ሪህ መሰል በሽታ) ይሠቃይ ስለነበር፣ ተራ ባኞ ውስጥ ተነክሮ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ ተሠራለት። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮይ ጃኩዚ ጄቶቹን ከገንዳው ግድግዳ ጋር አንድ ላይ አዋሕዶ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት አወጣ። ከዚያ ወዲህ የድርጅቱ ስም የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ሁለቱ እንዴት ይሠራሉ?

አንደኛው ባለ ውሃ ጄት ነው። ፓምፑ የገንዳውን ውሃ በመምጠጫው ስቦ፣ በቧንቧ አዙሮ፣ ከጎንና ከጀርባ ባሉት ጥቂት አፎች በኃይል ይመልሰዋል። ግፊቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ እንደ ማሳጅ ይሰማል። ለደከመ ጀርባና ለጠጠረ ጡንቻ የሚመረጠው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ባለ አየር ነው። እዚህ ውሃ የሚያዞር ፓምፕ የለም። የአየር መንፊያ ሞተር በገንዳው ወለል ላይ ባሉ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ይገፋል፣ ውሃው የፈላ ይመስላል። ስሜቱ ለስለስ ያለ ነው፤ መላ ሰውነትን ይነካል እንጂ አንድን ቦታ አይጫንም። ጉዳቱ ውሃውን ቶሎ ማቀዝቀዙ ነው፤ ለዚህም ነው አንዳንዶቹ አየሩን የሚያሞቅ መሣሪያ የሚገጠምላቸው። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ገንዳም አለ፤ ዋጋውም ጥገናውም ግን ድርብ ነው።

ዋናው ልዩነት፦ ቧንቧው ውስጥ የሚቀረው ውሃ

ባለ ውሃ ጄቱን ስትጠቀሙ የታጠባችሁበት ውሃ ከነሳሙናው፣ ከነላቡና ከነፀጉሩ በውስጥ ቧንቧዎች ይዞራል። ገንዳውን ስታፈሱት ትንሽ ውሃ እዚያው ሊተኛ ይችላል። እርጥበቱ ከቆሻሻው ጋር ሆኖ የሚያንሸራትት ንጣፍ ይፈጥራል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታበሩት ጥቁር ወይም ቡናማ ቅንጣት ከወጣ ያ ንጣፍ ነው።

ይሄ ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔዘርላንድስ ውስጥ በተካሄደ የአበባ ኤግዚቢሽን ላይ ለማሳያ ከተቀመጠ የሙቅ ውሃ ገንዳ በተነሳ ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ከ30 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። ሰዎቹ ገንዳው ውስጥ አልገቡም፤ በአጠገቡ ሲያልፉ ከአረፋው የሚነሳውን ጉም መሰል ርጭት ነው የተነፈሱት። በእርግጥ ያ ውሃው ሳይቀየር ለብ ብሎ የሚቆይ ገንዳ ነበር፤ የቤታችን ባኞ ከተጠቀምን በኋላ ይፈስሳል፣ አደጋውም በዚያው ልክ ያንሳል። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ የተኛ ውሃ ለብ ሲልና በርጭት ሲወጣ ሳንባ ይገባል።

ስለዚህ ባለ ውሃ ጄት የሚገዛ ሰው ማጽዳቱን አብሮ ይግዛ። አዘውትሮ የሚጠቀም ሰው ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ገንዳውን ከጄቶቹ በላይ በሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ አምራቹ የሚያዘውን ማጽጃ ጨምሮ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማዞር፣ ማፍሰስ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ሞልቶ እንደገና ማዞርና ማፍሰስ አለበት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የገላ ዘይትና አረፋ የሚያበዛ ሳሙናም ለባለ ውሃ ጄት አይሆንም።

ባለ አየሩ በዚህ በኩል ቀለል ይላል። በቧንቧው የሚያልፈው አየር ነው፤ ብዙዎቹም ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ሞተሩ ራሱ በርቶ ቱቦውን ያደርቃል። መብራት ከጠፋ ግን ማድረቂያው አይሠራም፤ ሲመጣ ራሳችሁ አብሩት። ስትገዙም ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ እንዳለው ጠይቁ።

ውሃውና ቦይለሩ ይበቃሉ?

አንድ መካከለኛ ገንዳ 250 ሊትር ይይዛል እንበል። ይሄ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 12 ተኩል መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ ባለ 1,000 ሊትር ታንከር ያለው ቤተሰብ አንድ ሰው ሲታጠብ ሩቡን ጨረሰ ማለት ነው። ጄቶቹን ለማጽዳት ደግሞ ገንዳው ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ያ 500 ሊትር ነው። ባለ ውሃ ጄቱ ውሃ በሚያጥርበት ቤት የሚከብደው አንዱም ለዚህ ነው፤ ውሃ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ማጽዳቱ ነዋ!

ወደ ሙቀቱ እንምጣ። ቀዝቃዛው ውሃ 18 ዲግሪ፣ የቦይለሩ 65 ዲግሪ ቢሆን፣ 250 ሊትሩን 40 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 117 ሊትር ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል። የ80 ሊትር ቦይለር አይበቃም፤ ገንዳው ሳይሞላ ቀዝቃዛ መምጣት ይጀምራል። ለማሞቅ የሚፈጀው ኃይል ከ6 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል፤ ባለ 2 ኪሎዋት ቦይለር ከሦስት ሰዓት በላይ ይሠራበታል።

መብራቱ ላይ ቀልድ የለም

ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚመጣ ገንዳ አለ። እዚያ ያለው ኃይል 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ሞተር እዚህ ከፍጥነቱ ስድስተኛውን ያህል ይቀንሳል፣ ሊግልም ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ።

ገንዳው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ግን ተራ ብሬከር ሰው አያድንም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር የሚቆርጠው ከ16,000 ሚሊአምፔር በላይ ሲያልፍ ነው፤ እርጥብ ሰውነትን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይገድላል። አርሲዲ የሚባለውን፣ በ30 ሚሊአምፔር መፍሰስ የሚቆርጠውን አስገቡ። ኧርዙም በትክክል መሬት መግባቱን ኤሌክትሪሺያኑ በመሣሪያ ለክቶ ያሳያችሁ። «ችግር የለውም» የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም።

ሶሌታው ይችለዋል?

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 250 ሊትር ውሃ፣ 50 ኪሎ ገንዳ፣ 75 ኪሎ ሰው፦ ድምሩ 375 ኪሎ ይሆናል፤ ያውም ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ። ምድር ቤት ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ፎቅ ላይ ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆነ መሐንዲስ ሳታማክሩ አታስገቡ። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊትም ገንዳው ተሞልቶ፣ ሞተሩም ሠርቶ፣ ሳይፈስ ማደሩ ይታይ። ለሞተሩም የሚከፈት በር ይተውለት። በሴራሚክ ከተዘጋ፣ ሲበላሽ የሚፈርሰው ግድግዳው ነው።

ማን ይጠንቀቅ?

ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ታማሚ ሐኪም ሳያማክር ሙቅ ገንዳ ውስጥ አይግባ። የጠጣ ሰውም አይግባ። ለጤነኛ አዋቂም ውሃው ከ40 ዲግሪ አይለፍ። ሕፃናትን ለደቂቃም ብቻቸውን አትተዉ። በተለይ የባለ ውሃ ጄቱ መምጠጫ ፀጉር ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የ7 ዓመት የልጅ ልጅ በሙቅ ውሃ ገንዳ መምጠጫ ተይዛ ሕይወቷ አልፏል፤ አገሪቱም በ2007 ስለ ገንዳዎች መምጠጫ ክዳን ሕግ አወጣች። ክዳኑ የተሰበረ ወይም የወለቀ ከሆነ ገንዳውን አትጠቀሙበት።

ታዲያ የትኛውን?

እኛ እንዲህ እንላለን። ጀርባችሁን የሚጫን ግፊት ከፈለጋችሁ፣ ውሃችሁ የማይቋረጥ ከሆነ፣ በየወሩ የሚያጸዳ ሰውም ካለ ባለ ውሃ ጄቱን ግዙ። መዝናናት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ የምትጠቀሙትም አልፎ አልፎ ከሆነ ባለ አየሩ ይሻላል፤ ለብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የሚስማማው እሱ ይመስለናል። ታንከራችሁ ትንሽ፣ ቦይለራችሁም 50 ሊትር ከሆነ ደግሞ ጥሩ ሻወር አስገቡና በተረፈው ገንዘብ ታንከሩን አሳድጉ። ይሄ ማነስ አይደለም፣ ሒሳብ ማወቅ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩን እነዚህን ጠይቁት፦ ስንት ሊትር ይይዛል? ቮልቱና ኸርዙ ስንት ነው? ቧንቧው ውስጥ ውሃ ይቀራል ወይ? መለዋወጫ ሞተር እዚህ አገር ይገኛል? ሳልከፍል አብርታችሁ ታሳዩኛላችሁ? መልሱ «አታስብ» ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቤት እየሠራ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። በቤታችሁ ያላችሁ ደግሞ የቱን እንደምትጠቀሙና ምን እንዳጋጠማችሁ በኮሜንት አካፍሉን። መልካም ጊዜ!