የሞተ ሸረሪት አይጨፍርም

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ተኩላ ሸረሪት ነው። «ኧረ ሸረሪት!» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት፣ ትንሽ ታገሱኝ።

አብዛኞቹ ተኩላ ሸረሪቶች ምግባቸውን በድር አያጠምዱም፤ መሬት ላይ እየሮጡ አድነው ይይዛሉ። እንግዲህ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለነሱ አይሆንም ማለት ነው። ከሌላ ሸረሪት መለየቱ ብዙም አያስቸግርም። ስምንት ዓይኖቻቸው በሦስት ረድፍ ናቸው፦ ከታች አራት ትንንሽ፣ መሐል ሁለት ትልልቅ፣ ከላይ ሁለት። እናትየዋ የእንቁላሏን ከረጢት ከኋላዋ አጣብቃ ትዞራለች፤ ሲፈለፈሉም ልጆቿን እንደኛ እናቶች በጀርባዋ ታዝላለች።

ችግሩ የሚመጣው «የትኛዋ ተኩላ ሸረሪት?» ሲባል ነው። በዓለም ላይ ከ2,000 በላይ ዝርያዎች አሉ። ሳይንቲስቶች በጣም የሚቀራረቡትን ዝርያዎች ጂነስ በሚባል አንድ ወገን ይመድቧቸዋል። የአባት ስም እንደሚጋሩ ወንድማማቾች በሉት፤ ልዩነቱ በሳይንስ የአባት ስም ቀድሞ መጻፉ ነው። በአንድ ጂነስ ውስጥ ያሉትን ለመለየት ቀለም ብዙ አያስተማምንም፣ በዕድሜና በጾታ ይለያያላ! ስለዚህ ተመራማሪዎች የመራቢያ አካላቸውን ቅርጽ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል።

የማይበቃበት ጊዜም አለ፤ እኔን ያስገረመኝ እሱ ነው። በአሜሪካ ጫካዎች፣ ሺዞኮሳ በሚባለው ጂነስ ውስጥ፣ ሺዞኮሳ ኦክሪያታና ሺዞኮሳ ሮቭነሪ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች አሉ። ኦክሪያታ ስም የወጣለት በ1844 እ.ኤ.አ. ነው። ሮቭነሪ ግን የራሱን ስም ያገኘው በ1979 ነው። 135 ዓመት እኮ ነው! ሴቶቹን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መለየት በጣም ይከብዳል። በወንዶቹ ግን አንድ ምልክት አለ፤ ያደገ የኦክሪያታ ወንድ የፊት እግሮቹ ላይ ጥቁር ጎፈሬ የመሰለ ፀጉር ያበቅላል፣ ሮቭነሪ የለውም። ኦክሪያታ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን የቅልጥም መከላከያ ያጠለቀ ማለት ነው፣ ልክ እንደ ኳስ ተጫዋች።

ትልቁ ልዩነት ጭፈራቸው ነው። ኦክሪያታ ሴት ሲያገኝ የፊት እግሮቹን እያነሳ ያወዛውዛል፣ ደረቁን ቅጠልም ይመታል። ሮቭነሪ ደግሞ መላ አካሉን ብድግ ዝቅ እያደረገ ቅጠሉን ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይጀምራል። ሸረሪት እንደኛ ጆሮ የላትም፤ ንዝረቱን በእግሯ ታዳምጣለች። ሴቷ የራሷን ወገን ጭፈራ ካላገኘች እሺ አትልም፤ ሲብስም ልትበላው ትችላለች! ምን አለ መሰላችሁ፣ በቤተ ሙከራ ተገደው ሲዳቀሉ ግን ልጆች ወልደዋል። ለያይቶ ያቆያቸው እንግዲህ የሴቷ ምርጫ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሳይንስ ክበባችን አንድ ሐሳብ አለኝ። እኛ ሸረሪት ስንይዝ ወዲያው አልኮል ውስጥ እንከታለን። አልኮል ውስጥ ያለ ሸረሪት ምን ሊጨፍር ነው? መጀመሪያ በእጅ ሳንነካው ብርጭቆ እንድፋበት፣ ከሥር ወረቀት እናስገባ። ከዚያ ደረቅ ቅጠል ባለበት ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አድርገን፣ ክዳኑን በስተን፣ አንድ ቀን እንየው። ቀኑን፣ የተገኘበትን ቦታና ያደረገውን ሁሉ ጽፈን፣ እዚያው ካገኘንበት ድንጋይ ሥር እንልቀቀው።