ፕላስቲኩን የሚጭረው መወልወያው ነው

የመኪና ውስጥ ፕላስቲክ ሲጫር የሚወቀሱት ቁልፍ፣ የጫማ ጫፍና ተገፍቶ የሚገባ ሻንጣ ናቸው። ጥልቁን መስመር የሚያወጡት በእርግጥ እነሱ ናቸው። ዳሽቦርዱንና የበሩን ፕላስቲክ ከዓመት ዓመት የሚያደበዝዙት ግን ቀጫጭን ጭረቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን የምናወጣቸው ስናጸዳ ነው። አቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ከፕላስቲክ አልፎ ከተራ ብረትም ይጠነክራል፤ ደረቅ ጨርቅ ይህንን ብናኝ ይዞ ሲፈትግ የሚሠራው የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሳትና በቫኪዩም መሳብ፣ ከዚያ ረጠብ ባለ ማይክሮፋይበር ሳይጫኑ መጥረግ ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል። ላቫጆ ቤት ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለም ይባል ይሆናል። ይሁን፤ ጎማና በር ያበሰው ጨርቅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መንገር ግን ጊዜ አይፈጅም።

ከተጫረ በኋላ ነጩን መስመር ያየ ሰው ቀለሙ የተላጠ ይመስለዋል። ሸካራው ፕላስቲክ በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከጥሬ ዕቃው ጋር የተቀላቀለ ነው። መስመሩ የሚነጣው የተቦጨቀው ገጽ ብርሃን ስለሚበትን ነው፤ ለጥንካሬ የተጨመረ ታልክ ካለበት ደግሞ ንጣቱ ይብሳል። ቅባት ጭረቱን የሚሰውረው ቦዩን ስለሚሞላ ነው። «እንደ አዲስ አደረገው» የሚሉት አልዋሹም፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ የሚያብረቀርቀው ዓይነትም በፊት መስታወት ላይ ነጸብራቅ እየጣለ አዲስ አቧራ ይሰበስባል። ለቀላል ጭረት ሙቅ አየር ይሻላል፤ የተነሳውን ጠርዝ አለስልሶ መልሶ ያስተኛዋል። ይሁን እንጂ ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ ቀለም ማስለቀቂያው የሙቅ አየር መሣሪያ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ ከቆየ ሸካራውን ቅርጽ አጥፍቶ ከጭረቱ የባሰ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ይተዋል። ኤርባግ ያለበትን ሽፋን ማሞቅ፣ መለጠፍም ሆነ ቀለም መቀባት ፈጽሞ አይገባም።

በማርሽ ዙሪያና በስክሪን ጠርዝ የተለመደው አንጸባራቂ ጥቁር ፕላስቲክ ሌላ ጉዳይ ነው። ገጹ ልሙጥ ስለሆነ ለፕላስቲክ በተሠራ ደቃቅ ማለስለሻ ጭረቱን ማሳሳት ይቻላል፤ ያንኑ ማለስለሻ ሸካራው ላይ መፈተግ ግን ቅርጹን ይፍቀዋል። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረት በሁለቱም ላይ በሙቅ አየርም ሆነ በማለስለሻ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ያለው ምርጫ ክፍሉን መቀየር ወይም ችሎ መንዳት ነው።