ከንግሥቲቱ በፊት የመጣው ፈረስ

ኦክቶበር 17 ቀን 1956 (እ.ኤ.አ.)፣ ኒውዮርክ፣ ማርሻል ቼዝ ክለብ። ነጩን የያዘው ዶናልድ ባይርን በአሜሪካ አሉ ከሚባሉት ተጫዋቾች አንዱ ነው። ጥቁሩን የያዘው ቦቢ ፊሸር ገና 13 ዓመቱ ነው፤ በዚያው ዓመት የአገሪቱን የወጣቶች ሻምፒዮና አሸንፎ ከትልልቆቹ መሀል ገብቷል። ሃንስ ክሞክ የተባለ የቼዝ ጸሐፊ በኋላ “የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ” ያለው ይህንን ግጥሚያ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ልጁ በ17ኛው እርምጃ ንግሥቱን ስለማስበላቱ ነው። እኔ ግን የባይርን ነገር የተበላሸው ገና ከአከፋፈቱ ነው ባይ ነኝ።

አከፋፈቱ የግሩንፌልድ መከላከያ ይባላል፤ ኦስትሪያዊው ኧርንስት ግሩንፌልድ በ1922 ያስተዋወቀው ነው። የዱሮዎቹ መምህራን “መሀሉን በወታደር ያዝ” ይሉ ነበር። በዚህ መከላከያ ጥቁር መሀሉን ለነጭ ይለቅለታል፤ ከዚያ ጥግ ባደፈጠው ጳጳስና በፈረሶቹ እየነካካ ሰልፉን ያፈርሳል። ነጭ ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ የሚጠብቀውም በዚያው ልክ ይበዛበታል።

ባይርን መሀሉን ያዘ። ንግሥቱን ቀድሞ አውጥቶ የተበላበትን ወታደር በእሷ አስመለሰ፤ ፈረስ ሲያባርራት ሲ5 ላይ ቆመች። ንጉሡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በ11ኛው እርምጃ እሱን ለማሸሸግ መዘጋጀት ሲገባው፣ አንዴ የወጣውን ጳጳስ እንደገና አንቀሳቀሰ። ይሄኔ ፊሸር ፈረሱን ኤ4 ላይ፣ ከነጩ ፈረስ አፍ አስቀመጠው። ብላኝ ነው። ቢበላው ሌላኛው ጥቁር ፈረስ የኢ4ን ወታደር በልቶ ንግሥቲቱንና ጳጳሱን ባንዴ ያጠምዳል፤ በንጉሡ ፊት ያለው መስመርም ይከፈታል። ባይርን አልበላም፤ መሀሉ ግን ከዚያ ወዲያ አልጸናለትም። ንግሥት የማስበላቱም ጀግንነት የተወለደው ከዚህ ነው።

ባይርን ንግሥቲቱን ሲበላ የፊሸር ጳጳስና ፈረስ ተቀባብለው ንጉሡን “ቼክ፣ ቼክ” እያሉ በሁለት ቤት መሀል አመላለሱት። ፈረሱ ፈቀቅ ሲል ከርቀት ያነጣጠረው ጳጳስ ቼክ ይላል፤ ፈረሱ ደግሞ በመንገዱ ያገኘውን ወታደር ይለቅማል። ግርግሩ ሲበርድ ፊሸር በአንዲት ንግሥት ፈንታ ግንብ፣ ሁለት ጳጳስና ወታደር በእጁ አስገብቷል።

ትልልቆቹ ቀድመው እጅ ይሰጣሉ፤ ባይርን ግን 41ኛው እርምጃ ላይ ቼክሜት እስኪባል ተጫወተ። ግጥሚያው የተካሄደበትን ውድድር ያሸነፈው ሳሙኤል ሬሼቭስኪ ነው፤ ልጁ ከመሀል በታች ጨረሰ። በ1963 ደግሞ የዶናልድ ወንድም ሮበርት ባይርን፣ ከዚሁ መከላከያ በሚዘመድ አከፋፈት፣ 20 ዓመት በሞላው ፊሸር በ21 እርምጃ ተረታ።