የፀደይ ማዕድ በላስታ፦ ከረዳት ጋር የሚሠሩ ቀላል ምግቦች

በኢትዮጵያ የዘመን አከፋፈል ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። የ55 ቀናቱ ዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ስለሚውሉ፣ በላሊበላና በላስታ ደጋ ገበታው የእህል፣ የጥራጥሬና የቅባት እህል ይሆናል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላና አተር ለመብሰል ጊዜና ማገዶ ይፈጃሉ። አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ እህል ግን ፈጥኖ ይደርሳል።

ከሁሉ የሚቀለው የበሶ ጭብጦ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት ከጨው፣ ከበርበሬና ከጥቂት ዘይት ጋር በውኃ ይታሻል። አንዱ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ሲጨምር ሌላው ያሻል፤ በእጅ መጨበጡ ለልጅ የተመቸ ሥራ ነው። እሳት አያስፈልግም።

ሱፍ ፍትፍት የበለጠ ልፋት አለው፤ የጾም ገበታ ግን ያለ እርሱ ጎደሎ ነው። ሱፉ ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦም በወንፊት ይጠለላል። አንዱ ሲወቅጥ ረዳቱ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከትፋል፣ እንጀራ ይቆራርሳል። እንጀራው ሱፉ ውስጥ የሚገባው ሊቀርብ ሲል ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ይላሽቃል።