የፎቶግራፍ መሣሪያን ከአቧራ ስለ መጠበቅ



በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ፎቶግራፍ አንሺ ብዙ ሥራ የሚያገኝበት ወራት፥ አቧራም የሚበዛበት ወራት ነው። በጥር ወር ከየዐውድማው እብቅ በነፋስ ይበተናል፤ ጥምቀትም ሠርግም በዚያው ወር ይውላል። የሙሽሮች ሥዕል በጉድፍ ቢበላሽ ቀኑ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን የዲጂታል ካሜራን ብርሃን ተቀባይ ገበታ፥ ማለት ሴንሰሩን፥ በንጽሕና ስለ መያዝ ነው።

በፊልም ጊዜ ለእያንዳንዱ ሥዕል አዲስ ፊልም ስለሚመጣ፥ በፊልሙ ላይ ያረፈው አቧራ አብሮት ያልፍ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በአሜሪካ ሲሲዲ የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፉ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ስቲቨን ሳሶን በኮዳክ ኩባንያ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። በዲጂታል ካሜራ ግን ፊልሙን የተካው ሴንሰር አይለወጥም። በፊቱ ባለው መስታወት ላይ ያረፈ ጉድፍ እስኪጠረግ ድረስ በሥዕሉ ሁሉ ላይ በዚያው ስፍራ ይታያል።

ጉድፉ በይበልጥ የሚታወቀው የሌንሱ ቀዳዳ ሲጠብ ነው። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ቀይ ቀበሮን ወይም ጭላዳን ከሰማዩ ጋር የሚያነሣ ሰው፥ በሰማዩ ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ያያል። ለመመርመር ቀዳዳውን እስከ 16 ወይም 22 ቍጥር አጥብቦ ጥርት ያለውን ሰማይ ማንሣትና ሥዕሉን አጉልቶ መመልከት ይበቃል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ጥንቃቄ ይቀድማል። ሌንስ በሚለወጥበት ጊዜ ካሜራው ይጠፋ፤ አፉ ወደ መሬት ይደፋ፤ ሥራውም ከነፋስ በተከለለ ስፍራ በፍጥነት ይፈጸም። ከደጋው ብርድ እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ጤዛ እንዳይዘው፥ ካሜራው አስቀድሞ በላስቲክ ከረጢት ይታሰርና ሙቀቱን እስኪለምድ ይቆይ።

አቧራ የገባ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ የካሜራውን የራሱን ማጽጃ መሞከር ይገባል። ኦሊምፐስ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኢ-1 የተባለውን ካሜራ ካወጣ ወዲህ፥ ብዙ ካሜራዎች አቧራውን በንዝረት ያራግፋሉ። ይህ ካልበቃ፥ ባትሪው በሚገባ ከተሞላ በኋላ ካሜራው ለጽዳት ይከፈትና በጎማ መንፊያ ንጹሕ አየር ይነፋበት። በአፍ መንፋት ምራቅ ያስቀራል፤ በቆርቆሮ የታጨቀው ጋዝ ፈሳሽ ይረጫል፤ የነጠላ ጫፍም ክር ይተዋል፥ አሸዋ ይዞም ይጭራል። ተጣብቆ የቀረውን ጉድፍ ለሴንሰር በተሠራ መጥረጊያና ፈሳሽ፥ አንዱን ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ በማሳለፍ ማንሣት ይቻላል። እጁን የማያምን ግን ለባለሙያ ይስጥ፤ የተጫረ መስታወት በጽዳት አይድንምና።

ካሜራው እንጀራው የሆነ ሰው ይህን ምርመራ ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ቢፈጽም፥ ለራሱም ለደንበኛውም ይጠቅማል።