ጭፈራው ወዲያ፣ ችግኙ ወዲህ

ኮልድፕሌይ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2002 ሁለተኛ አልበሙን ሲያወጣ ለአድማጮቹ ደስ የሚያሰኝ ዜና አብሮ አሰማ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙ ተመርቶና ተሰራጭቶ እስኪያበቃ ወደ አየር የገባውን ካርቦን ለማካካስ በደቡብ ሕንድ፣ ካርናታካ ግዛት 10 ሺህ የማንጎ ችግኞች እንደሚተከሉ ተነገረ። ዛፎቹ ካርቦኑን ይመጡታል፤ ፍሬው ለድሃ ገበሬዎች ይተርፋል። በ2006 ሰንዴይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ቦታው ድረስ ሄዶ ሲጠይቅ ግን ከችግኞቹ ብዙዎቹ ደርቀው አገኘ። አካባቢው ውሃ አጥሮታል። ገበሬዎቹም ለእንክብካቤው ይሰጣችኋል የተባልነው ድጋፍ አልደረሰንም አሉ።

ኮንሰርት፣ ፌስቲቫልና የስፖርት ውድድር በተዘጋጀ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም፦ በአንድ አገር የተለቀቀ ጭስ በሌላ አገር ዛፍ ይካካሳል?

አሠራሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። አዘጋጁ ዝግጅቱ ስንት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳስከተለ ያሰላል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ለሚያስቀር ወይም ለሚመጥ ሥራ ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ቶን አንድ የካርቦን ክሬዲት ይገዛል። ጣጣው ያለው ጊዜው ላይ ነው። ጄኔሬተሩ ናፍጣውን በአንድ ሌሊት አቃጥሎ ይጨርሳል፤ ችግኙ ግን ያንን ለመመለስ አሥርት ዓመታት መቆም አለበት። በመካከሉ ድርቅ አለ፣ ቃጠሎ አለ፣ ምሳር አለ። የቆመ ደን እንዳይጨፈጨፍ ተብሎ የሚሸጠው ክሬዲት ደግሞ ክፍያው ባይኖር ኖሮ ደኑ ይመነጠር ነበር የሚለውን ግምት ማመን ይጠይቃል። በጃንዋሪ 2023 ጋርዲያን፣ የጀርመኑ ዲ ሳይትና ሶርስማቴሪያል የተባለው የጋዜጠኞች ድርጅት በጋራ ያወጡት ምርመራ ይህን ግምት ክፉኛ ተችቷል። ቬራ የተባለው ትልቁ የክሬዲት አረጋጋጭ ካጸደቃቸው የሞቃታማ ደን ክሬዲቶች ከ90 በመቶ በላዩ እውነተኛ ቅነሳ የሌለበት ሊሆን ይችላል ብለው ጻፉ። ቬራ ስሌቱን አልተቀበለም።

የፌስቲቫል ጭስ ሲባል ብዙ ሰው መድረኩን፣ መብራቱንና ድምፅ ማጉያውን ያስባል። በብሪታንያ ፌስቲቫሎች ላይ የተሠሩ ስሌቶች ግን ከጠቅላላው ልቀት እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ለታዳሚው ጉዞ ይሰጡታል። የሒሳቡ ትልቁ ክፍል ከመግቢያው በር ውጭ፣ በአውራ ጎዳናና በአየር ማረፊያ ነው ማለት ነው። ኮልድፕሌይ ራሱ በ2019 የኮንሰርት ጉዞው በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚቀንስ መላ እስኪያገኝ የዓለም ዙሪያ ኮንሰርቱን ገታ። በ2022 በባትሪ፣ በታዳሽ ኃይልና ታዳሚው ሲጨፍርበት ኤሌክትሪክ በሚያመነጭ ወለል ተመለሰ፤ ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ ቲኬትም አንድ ዛፍ አስተክላለሁ አለ። በ2024 ደግሞ ከቀደመው የኮንሰርት ጉዞው ጋር ሲነጻጸር ለእያንዳንዱ ኮንሰርት ልቀቱን በ59 በመቶ እንደቀነሰ ገለጸ። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም ቁጥሩ የመድረኩን ዝግጅት፣ የጭነቱንና የቡድኑን ጉዞ የሚመለከት ነው፤ አድናቂው ኮንሰርቱ ድረስ የመጣበትን መንገድ አይጨምርም።

ማሲቭ አታክ የተባለው የብሪስቶል ባንድ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የቲንዳል ማዕከል ጥናት አስጠንቶ፣ ምክሩን በኦገስት 2024 በገዛ ከተማው ሞከረው። መድረኩ የሠራው በባትሪ ነው፤ ምግቡ ሁሉ ከዕፅዋት ነበር፤ ቲኬት ቀድሞ የቀረበው ለአካባቢው ነዋሪ ነው፤ ወደየቤቱ ለሚመለሰው ሰው ተጨማሪ ባቡር ተዘጋጀ። እዚህ የተጀመረው ከቅነሳው እንጂ ከችግኙ አይደለም።

ክርክሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በካርቦን ገበያ ሻጭ ናትና። በወላይታ የሁምቦ ተራሮች 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከ2006 ጀምሮ ተከልሎ እንዲያገግም ተደረገ። ወርልድ ቪዥን ሥራውን ደገፈ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። በ2009 መጨረሻ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። ደኑ በአብዛኛው የተመለሰው በአዲስ ችግኝ አይደለም፤ ከመሬት በታች በሕይወት ከነበረው ጉቶና ሥር ያቆጠቆጠው ተገርዞና ተጠብቆ ነው። ባለቤቶቹም ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ከብት የሚከለክሉት፣ ማገዶ ቆራጭን የሚመልሱት፣ ከሽያጩ የሚገኘውን ገንዘብ የሚያዙበት እነሱ ናቸው። ክፍያው ደግሞ የተለካና የተረጋገጠ ዕድገትን ተከትሎ የሚመጣ ነው። ካርናታካና ሁምቦን የለየው የዛፉ ዓይነት አይደለም። በአንደኛው ገንዘቡ የተከተለው የሚተከለውን ቁጥር ነበር፤ በሌላኛው የሚጠብቀውን ሰው።

ቁጥጥሩም እየጠነከረ ነው። በ2023 የስዊዘርላንድ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር ኮሚሽን፣ የኳታሩ የዓለም ዋንጫ ከካርቦን ገለልተኛ ነው የሚለውን የፊፋ አባባል ማስረጃ አልቀረበበትም ሲል ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው መመሪያም ከሴፕቴምበር 27 ቀን 2026 ጀምሮ፣ ማካካሻን ተንተርሶ ምርቴ በአየር ንብረት ላይ ጫና የለውም ብሎ ለሸማች ማስተዋወቅን ይከለክላል።

አዘጋጆች ሕግ እስኪያስገድዳቸው መጠበቅ የለባቸውም። መጀመሪያ ታዳሚው በምን እንደሚመጣ ያስቡ፤ ቀጥሎ ናፍጣውን ይቀንሱ። ለተረፈው ካርቦን የሚከፍሉ ከሆነ፣ ክፍያው ዛፉ ቆሞ ለተገኘበት ለእያንዳንዱ ዓመት፣ ለጠባቂው ይሁን። ቲኬቱ ላይም ከአረንጓዴ ማኅተም ይልቅ ስንት ቶን እንደተለቀቀ፣ ስንቱ እንደተቀነሰ፣ ለቀሪው ማን እንደተከፈለው ይጻፍ። ፍርዱን ቲኬት ገዢው ይስጥ።