የጌዶ ጥቁር ድንጋይና የዓለም አየር ንብረት

ከአምቦ ተነስቶ ጉደርን አልፎ ወደ ጌዶ የሚወጣ መንገደኛ፣ መንገዱ ደጋውን በቆረጠባቸው ቦታዎች ጥቁር ድንጋይና በላዩ የተኛ ቀይ አፈር ያያል። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ላቫ ነበር፤ አፈሩም ከዚያው ድንጋይ መበስበስ የተገኘ ነው። ሳይንቲስቶች 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተከራከሩበት ጥያቄ እዚህ ይጀምራል፦ ደጋችንን የሠራው እሳተ ገሞራ የዓለምን አየር ንብረት ቀይሮ ይሆን? ሕይወትንስ አጥፍቷል?

ክርክሩን ያጋጋለው በ1997 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። ኮሪን ሆፍማን የመሩት ሲሆን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉም ተሳትፈውበታል። ከሊማሊሞና ከወገል ጤና የተወሰዱ ድንጋዮች ዕድሜ ሲለካ፣ በቦታው እስከ 2,000 ሜትር የሚወፍረው ላቫ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈሶ አብቅቷል። ለምድር ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለ ጥድፊያ ሌላ ቦታ ዕልቂት አምጥቷል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሳይቤሪያ ቅልጥ አለት ከምድር በታች የተቀበረ የድንጋይ ከሰል አቃጠለ። የተለቀቀው ጋዝ አየሩን አሞቀ፤ ባሕሩን አሲዳማ አድርጎ ኦክስጅን አሳጣው፤ አብዛኞቹ የባሕር ዝርያዎችም ጠፉ። በዘመኑ ደለል ውስጥ የተገኘው ከወትሮው የበዛ ሜርኩሪ የእሳተ ገሞራው አሻራ ሆኖ ይጠቀሳል።

የእኛው ላቫ እንዲያ አላደረገም። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ደለል ውስጥ የጥንት ዝሆን ዘመዶችና ከአፍንጫው በላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም የተባለ እንስሳ ቅሪቶች ተገኝተዋል። በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ይህ ግኝት ለእኔ ከማንኛውም ቀመር ይበልጥ ያሳምናል፤ ላቫው ከቀዘቀዘ በኋላ በዚያው ምድር ላይ ትልልቅ እንስሳት ይግጡ ነበርና። የላቫ ብዛት ብቻውን ዕልቂት አያመጣም። ዋናው ጉዳይ ላቫው ምን ዓይነት አለት ሰንጥቆ እንደወጣና ጋዙ በምን ፍጥነት እንደተለቀቀ ነው።

አየር ንብረቱ ላይ ግን ክርክሩ አልተዘጋም። የላቫው ዘመን የአንታርክቲካ በረዶ ከሰፋበት ቅዝቃዜ ጋር ይቀራረባል። አንዱ ማብራሪያ በጌዶ ቀይ አፈር ላይ ይታያል፦ ዝናብ ጥቁር ድንጋይን ሲያበሰብስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይቀንሳል፤ ካርቦኑም በወንዞች ተወስዶ ባሕር ውስጥ ይቀመጣል። ሂደቱ ግን በመቶ ሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ነው። ዛሬ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚለቀው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የእኛን ልቀት አፈር ይጠርገዋል ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

የአካባቢው ምድር የያዘው ታሪክ ግን የጥንቱ ላቫ ብቻ አይደለም፤ ከጊንጪ በስተ ደቡብ ያለው የደንዲ ሐይቅ ጭቃም ያለፉትን 12,000 ዓመታት የዝናብ ታሪክና የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች ይዞ ተገኝቷል። የወንጪና የደንዲ ሐይቆችን ለጎብኚ የሚያዘጋጁ ሁሉ ከመዝናኛው ጎን ይህን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ ያቁሙ። በአምቦና በጌዶ ያሉ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ ተቆረጠው የመንገድ ዳር ይዘው ይውጡ፤ ትምህርቱ እዚያው ተዘርግቷል።